የመቀናጆ ሪሞት

«ያው ነው» የሚል ነጋዴ ያንጨረጭረኛል። ደሴ ላይ አንድ ባለሱቅ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ይህን ቃል እየደጋገመ ደሜን አፍልቶታል። የፈለግሁት ተዋጊ ሮቦት የምነዳበት ሪሞት ነበር። እሱ ከመደርደሪያው ያወረደልኝ ግን የልጆች መኪና የሚነዳበት ባለአራት ቁልፍ ነገር ነው። ቁልፉን ሲጫኑት መኪናው ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈተለካል፣ ሲለቁት ይቆማል፤ መሀል የሚባል ነገር አያውቅም። ቀስ ብሎ መጠጋት የለ፣ ትንሽ ዘወር ማለት የለ።

«ወንድሜ፣ እኔ ባለዘንጉን ነው የምፈልገው» አልኩት። «ትንሽ ስገፋው ትንሽ፣ ብዙ ስገፋው ብዙ የሚሄደውን።»

«ያው ነው እህቴ። ይሄን ነካ ነካ ማድረግ ነው።»

«እሺ፣ ሁለት ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይሄንኑ ሪሞት ቢይዝስ? የአንዱን ትእዛዝ የሌላው መኪና አይሰማም?»

«እሱማ ይሰማል» አለና ሳቀ። «ግን ያው ነው፣ ተራ በተራ ትጫወታላችሁ።»

ተራ በተራ የሚዋጋ ምን ዓይነት ተዋጊ ነው? ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። አስቀምጬ ያልኩት ለጨዋነት ነው፤ ወርወር ሳላደርገው አልቀረሁም።

ሐይቅ ከተማ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙት ገበሬዎች ፓምፓቸው አልነሳ ሲላቸው፣ ወይ ውሃ መሳብ ሲያቅተው፣ በጋሪ ጭነው ሱቄ ደጃፍ ያራግፉታል። ሥራዬን ይወዱታል፤ ጠባዬን አይወዱትም። «እጇ ወርቅ፣ አፏ እሳት» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ወሎ ገራገር ነው እየተባለ በሚዘፈንበት አገር ቁጡ ሆኖ መፈጠር ቀላል አይደለም። ሌላ ቦታ ብወለድ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው በሆንኩ። እዚህ ግን ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ሦስት ሰው «አብሽሪ» ሊለኝ ይሮጣል። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ነው፣ በርቺ ነው፣ ተረጋጊም ነው። መረጋጋት ብፈልግ ኖሮ መቼ እጮህ ነበር?

ከሁሉም አብልጦ አብሽሪ የሚለኝ ከሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው ስልክ ጠጋኝ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፤ ቤታችንም አንድ ሰፈር ነው። ይህ ሰው በሕይወቱ ከሰው ጋር ተጋፍቶ አያውቅም። ልጆች ሆነን ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ ዳር ስንሽቀዳደም፣ ልንደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረን የጫማው ክር ይፈታበታል። በቆርኪ ዳማ ስንጫወት ሦስት ቆርኪዬን ጠራርጎ የሚበላበትን መንገድ ዓይኑ ሲከተለው አየዋለሁ፤ ከዚያ ሌላ ቆርኪ ገፋ ያደርግና «በላሽኝ፣ ማሻአላህ» ይላል። ሱቆቹን ስንከራይ ወደ አስፋልቱ የሚያየውን ለእኔ ተወው። ለምን ብዬ ስጮህበት «ኧረ በአላህ፣ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ምንም አላጠፋም። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ለቀቀልኝ ብሎ ሰው ማን ዘንድ ይከሳል?

ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ። ይህን ሰው በእውነት አሸንፌው ይሁን አይሁን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። አሸነፍሽ ተብያለሁ፤ ሺህ ጊዜ ተብያለሁ። በሥራዬ ይሁን በችሮታው ግን የነገረኝ የለም።

እናም ኮምቦልቻ ላይ የተዋጊ ሮቦቶች ውድድር ሊደረግ ነው የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ሳይ «እገባለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ከግድግዳው ማዶ «እኔም ልሞክራ» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዳማ ላይ ሰውን ይሉኝታ ሊይዘው ይችላል። ብረት ግን ይሉኝታ የለውም፤ ሁለት ብረት ሲጋጭ የትኛው እንደተሰበረ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዋንጫም ሽልማትም አልፈለግሁም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የእኔን ሥራ ከእሱ ሥራ ጋር ገጥሜ እውነቱን ማወቅ ፈለግሁ።

የእኔዋ ከላሜራ የተበየደች ዝቅ ያለች ሳጥን ናት። ጎማዎቿን የሚያዞሩት ከተበላሹ የባትሪ ድሪሎች የፈታኋቸው ሞተሮች ናቸው። ከፊቷ ከመኪና ባሌስትራ ቆርጬ የሳልኩት ብረት እንደ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ያገኘውን ሁሉ ይከትፋል። የእሱ ሮቦት ከፊቱ አካፋ የሚመስል ማንሻ አለው። በተቃራኒው ሥር ይገባና ይገለብጠዋል፣ በቃ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ይሄ ሊዋጋ ነው ወይስ ቆሻሻ ሊያፍስ?» ብዬዋለሁ። «ያፍሳል ኢንሻአላህ» አለኝ። አልተቆጣም። ምነው አንድ ቀን ቢቆጣ!

ነገሩ ሁሉ ግን ሪሞቱ ላይ ነው። ሮቦት የቱንም ያህል ቢጠነክር ካልታዘዘ ቆርቆሮ ነው። የውድድሩ ደንብም አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ሪሞት ያወራል። ቢያንስ ሦስት ቻናል ይፈለጋል፤ ቻናል አንድ ትእዛዝ የሚሄድበት መስመር ማለት ነው፣ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጎማ፣ አንዱ ለመሣሪያው። የሚነዳበት ዘንግ ሲለቀቅ ራሱ ወደ መሀል መመለስ አለበት። ከሁሉም በላይ፣ በሪሞቱና በሮቦቱ መካከል ያለው ሲግናል ከተቋረጠ ሮቦቱ ባለበት ድርቅ ብሎ መቆም አለበት። ሲግናል ጠፍቶ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚጋልብ ሮቦት፣ ያውም የተሳለ ባሌስትራ ከፊቱ እያሽከረከረ፣ የሰው እግር ይቆርጣል። ይሄን ለደሴው ባለሱቅ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።

ጎረቤቴ ከደሴ በብስጭት ስመለስ አይቶኝ «ለምን በስልክ አንነዳቸውም?» አለ። ሞያው ስልክ ነዋ!

«ስልክ ላይ ዘንግ የለም» አልኩት። «ጣት መስታወት ላይ ይንሸራተታል፣ ዓይንህ ከሮቦቱ ይነቀልና ጣትህን ትፈልጋለህ። ደግሞስ ላንተ በቀን ስንት ሰው ይደውልልሃል? ሮቦትህ መሀል ሜዳ ላይ ሆኖ የአክስትህ ልጅ ስለ ሰርጓ ብትደውልስ?»

«አላነሳማ።»

«አንተ? አንተ ስልክ ሳታነሳ?»

«ይሁንልሽ» አለ።

ይሁንልሽ! ክርክሩን በማስረጃ እያሸነፍኩት ነበር እኮ! እሱ ግን ለቀቀልኝና ያሸነፍኩትን ነጠቀኝ።

አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር የምንፈልገው ዓይነት ሪሞት እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ እንዳለ በፎቶ አሳየን። ሁለት ዘንግ፣ ስድስት ቻናል፣ ትንሽ መስኮት፤ ሲግናል ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለውንም ራሳችሁ ሙሉ የሚል። ዋጋው የሁለታችንንም ዓይን አስፈጠጠ። ጎረቤቴ ይሄኔ ነው የመቀናጆን ነገር ያመጣው።

«ለምን አንቀናጅም? ሮቦቱ ውስጥ የምትገባው ትእዛዝ ተቀባይ እንደሆነች ርካሽ ናት። ሁለት ተቀባይ፣ አንድ ሪሞት። ዛሬ ያንቺ፣ ነገ የእኔ።»

መቀናጆን የማያውቅ ወሎዬ የለም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይስማማና ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። አባቴ አምባሰል ውስጥ በመቀናጆ አርሶ ነው ያሳደገኝ። ደግ ነገር ነው፣ የተባረከ ነገር ነው። ለእርሻ!

«እኔና አንተ ብንገጥምስ?» አልኩት።

«አንገጥምም።»

«ብንገጥምስ አልኩህ!»

እንዲህ ስንባባል፣ ማለትም እኔ ስጮህ እሱ አብሽሪ ሲለኝ፣ አባቱ ከመስጊድ ሲመለሱ ሰሙን። አባቱ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት፣ የተጣላውንም የሚያስታርቅበት ማኅበራችን ነው፤ እሳቸው ካስታረቁት ነገር ፈቀቅ የሚል ሰው አላየሁም። አንድ የፓምፕ ሳጥን ገልብጬላቸው ተቀመጡ። ደጃፉ ላይ ወዲያው ሰው ሞላ።

«ምንድን ነው ነገሩ የኔ ልጅ?»

«አባባ፣ ልጅዎ ለሁለት ሮቦት አንድ ሪሞት ይበቃል ይላል።»

«እና? ለሁለት በሬ ስንት ቀንበር ነው የሚጠረበው?»

«አባባ፣ የኛ በሬዎች እኮ አያርሱም። ይዋጋሉ!»

«የሚዋጋ በሬ ቀንዱ ይቆረጣል እንጂ ዕቃ አይገዛለትም» አሉና ሳቁ። ደጃፉ ላይ ያለውም ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«እርስ በርሳችን ቢያጋጥሙንስ?»

ይሄኔ ሳቃቸውን አቆሙ፤ ቅር አላቸው። «አስተግፊሩላህ! የአንድ አገር ሰው፣ የአንድ ቅሬ ሰው፣ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት እንዴት ተብሎ ያዋጋሉ? ዳኛ አይደሉም እንዴ? አላህን የሚፈራ ዳኛ እንዲህ አያደርግም።»

«በእጣ ነው አባባ። እጣ ጎረቤት አያውቅም።»

«እጣውንስ የሚያወጣው ሰው አይደል? ያስተካክሉታል።»

ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያስተካክሉታላ! የትኛው ጭንቅላት የዞረበት ዳኛ ነው የሐይቅን ሰው ከሐይቅ ሰው የሚያጋጥመው? እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ጀመሩ። እጃችሁን ይባርከው፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ፍቅራችሁን አያጉድል፣ ሁለታችሁንም አሸናፊ ያድርጋችሁ አሉ። ሁለታችሁንም! ሁለት ሰው ተዋግቶ ሁለቱም የሚያሸንፍበትን ውጊያ እስቲ ያየ ሰው ይንገረኝ። ግን ምርቃት ከወረደ በኋላ መከራከር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። «አሚን» አለ ሰው ሁሉ። እኔም አሜን አልኩ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ ነው ብዬ እንዳልዋሽ ነው ይህን የምጽፈው፤ አሜን ያልኩበትን አፍ እስከዛሬ እረግመዋለሁ።

ሪሞቱ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ዕቃ ነው። ዘንጉን በአውራ ጣት ጫፍ ነካ ስታደርጉት ሮቦቷ አንድ ስንዝር ታክል ትንፏቀቃለች፤ ገፋ ስታደርጉት ትወረወራለች። አንድ ዘንግ ብቻ ሁለቱንም ጎማ አቀናጅቶ ይነዳል፣ ሌላው ባሌስትራውን ያሽከረክራል። ደጃፍ ላይ ስሞክራት የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ራቅ ብለው «ድሮን አይደለም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። በጦርነቱ ካሳለፍነው በኋላ አልፈረድኩባቸውም፤ መሬት ለመሬት የምትሄድ መሆኗን አሳየኋቸው።

ሥራውን ተከፋፈልን። ቀጫጭኑን ሽቦና ሪሞቱን ከተቀባዮቹ ጋር ማጣመሩን እሱ ወሰደ፣ ሲግናል ሲጠፋ እንዲቆሙ ማድረጉን እኔ ወሰድኩ። ቀኑንም ተካፈልን። አርብ እሱ ጁምኣ ስለሚሄድ የእኔ፣ እሁድ እኔ ቤተክርስቲያን ስለምሄድ የእሱ፤ የቀረው ቀን አንድ ለእኔ አንድ ለእሱ። አንድ ማክሰኞ የሁለቱም ሮቦት ባትሪ ተሰክቶ ኖሯል፤ ዘንጉን ወደፊት ስገፋው የእኔዋ ወደ ደጅ፣ የእሱ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ወደ ስልክ መደርደሪያው ሄዱ። መስታወት ሲረግፍ ሰማሁ። ሁለቱም ለአንድ ሪሞት የተጣመሩ ናቸውና ሁለቱም ታዘዙ። ሮጬ ብሄድ እሱ ስብርባሪውን እየጠረገ ነው።

«አየህ? አየህ ወይ? አንድ ላይ አይሆኑም ብዬህ ነበር!»

«አብሽሪ፣ የተሰበረው የማሳያ ስልክ ነው» አለኝ። «ከእንግዲህ አንዱ ሲበራ አንዱ ይጠፋል፣ በቃ።»

ይኸው መፍትሔ ሆነ። ከፓምፕ ሥራዬ የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ ሮቦቷ ላይ አዋልኩ። በእኔ ቀን ጠዋት ስመጣ ሪሞቱ ባትሪው ተሞልቶ በሬ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። በእሱ ቀን ደግሞ ሰርቄ ማየት የማይገባኝን እያየሁ በንዴት እቃጠላለሁ፤ ደንበኛ ስልክ ይዞ ከመጣ ሪሞቱን አስቀምጦ ስልኩን ይፈታል። «ለምን አትለማመድም?» ስለው «ያንቺ ይበልጣል፣ አንቺ በርቺ» ይለኛል። ይህን ሰው በሰላም አንቆ መግደል የሚፈቅድ ሕግ ቢኖር ኖሮ!

ውድድሩ ኮምቦልቻ አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው የተደረገው። ሜዳው ጣውላ የተነጠፈበት፣ ዙሪያውን በወፍራም ፕላስቲክና በሽቦ የታጠረ ነው። ዳኛው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነበር፤ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ከባልዲ እያወጣ ጥንድ ጥንድ ያነባል። የመጀመሪያው ወረቀት ተፈታ፤ የእኔ ስም ነው። ሁለተኛው ተፈታ፤ የእሱ ነው።

አላስተካከሉትም። ባልዲውም የማን ጎረቤት ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው እጄ ላይ ያለውን አንድ ሪሞት አየሁ።

«ሪሞታችሁን ወደ ላይ!» አለ ዳኛው። እኔ አነሳሁ። ጎረቤቴ ባዶ እጁን አነሳ።

«ያንተስ?»

«እሱው ነው» አለ ወደ እኔ እጅ እያመለከተ። «በመቀናጆ ነው የገዛነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሱ «እዚህ ሊታረስ ነው እንዴ?» አለ። ከአንገቴ በላይ እሳት የለቀቁብኝ ያህል ተቃጠልኩ። የተናደድኩት በዳኛው አልነበረም። ከደጃፌ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩትን ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አሜን ስል ራሴንም አየሁት።

«ወይ አንዳችሁ ትወጣላችሁ» አለ ዳኛው ሳቁን ጨርሶ፣ «ወይ በአስር ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሪሞት ይምጣ።»

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አብሽሪ። አንቺ ግቢ፣ እኔ ልውጣ። ከመጀመሪያውም እኮ ላንቺ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወዲያ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቶታል፣ ይበቃል። ዋናው ግን ይህ ነበር፦ «ሠላሳ ዓመት ለቀቅህልኝ! ማን ልቀቅልኝ አለህ? እኔ ለማኝ ነኝ? አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቆጥረህ ግጠመኝ እንጂ!»

ይሄኔ ከደሴ ቡድን ጋር የመጣች አንዲት አስተማሪ አንድ ሪሞት ከፍ አድርጋ «የእናንተም እንደዚህ ያለው አይደል?» አለች። አዎ፣ ቁርጥ የእኛው ነው። የእነሱ ተራ እስኪደርስ ልታውሰን ተስማማች። ጎረቤቴ ሪሞቱን ተቀበላትና ሮቦቱን ከአዲሱ ሪሞት ጋር አጣመረው። እጁ ፈጣን ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ዳኛው ሊፈትሽ መጣ። የእኔን ሪሞት አጠፋው፤ ሮቦቴ ባለችበት ደረቀች። የእሱን ሮቦት ወደፊት አስነዳውና ሪሞቱን አጠፋ። ሮቦቱ አልቆመም። እየጋለበ ሄዶ አጥሩን ገጨና እዚያው ጎማውን እያሽከረከረ ጣውላውን መላጥ ያዘ። ዳኛው በዝላይ ሸሸ። «ይሄ አይገባም! አደጋ ነው!»

በአዲስ ሪሞት ሲጣመር የድሮው የማቆሚያ ትእዛዝ ይሰረዛል። ጎረቤቴ ይህን አያውቅም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ተገላገልኩ የሚል ፊት ነው። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ዝም ብል ኖሮ በደንብ፣ በሕግ፣ በዳኛ አፍ አሸናፊ ነበርኩ። ተንበረከክሁና ሪሞቱን ከእጁ ቀምቼ ትእዛዙን እንደገና ሞላሁት። ጎማው ዜሮ፣ ማንሻው ዜሮ። ዳኛው እንደገና አጠፋው፤ ሮቦቱ ድርቅ አለ።

«ለተጋጣሚሽ ነው የምታስተካክዪለት?» አለኝ ዳኛው።

«አንተ ፊሽካህን ንፋ» አልኩት።

ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «ብትለቅልኝ አውቃለሁ። ዘንጉን ስትይዝ ጣትህን አያለሁ። ብትለቅልኝ በግሸኗ ማርያም፣ ሁለተኛ ቃል አልነግርህም። ግድግዳውን በብሎኬት እደርበዋለሁ።»

ሪሞቱን መልሶ ከእጄ ወሰደ። «ከልብሽ ነው?»

«በግሸኗ አልኩህ!»

«እሺ» አለ።

የእኔ ባሌስትራ ከባድ ነው፤ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ አራት አምስት ትንፋሽ ያህል ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ ሁለት ነው፣ እኔና ግድግዳ የምጋራው ሰው። ፊሽካው ሲነፋ ወደ ኋላ ልሸሽና ጊዜ ልገዛ ነበር ያሰብኩት። አልሰጠኝም። ፊሽካው ከዳኛው አፍ ሳይወጣ አካፋው በሮቦቴ ሥር ነበር። ዘንጉን ወደ ኋላ ጎተትኩት፤ ጎማዎቼ አየር ላይ ናቸው። እያንደረደረ ከአጥሩ አላተማትና ማንሻውን አነሳው። ባሌስትራዬ መሽከርከር የጀመረው ይሄኔ ነው፤ ጣውላውን መታና ሮቦቴን ራሱ ገለበጣት። ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ጎማዎቿን እያሽከረከረች ቀረች። ዳኛው እስከ አስር ቆጠረ። ከፊሽካው እስከ አስር ያለው ጊዜ አንድ ፓምፕ ገመድ ስቦ ለማስነሳት የሚወስደውን ያህል እንኳ አይሆንም።

አልለቀቀልኝም። ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ።

ሰው አጨበጨበ። መጀመሪያ ጣውላው እኩል አይደለም ብዬ ዳኛው ላይ ጮህኩ። ጣውላው እኩል ነበር። ከዚያ ሮቦቴን አቅፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና የሚቀጥለውን ውጊያውን አየሁ፤ የተዋሰውን መልሶ፣ ማቆሚያውንም ዳግም አስሞልቶኝ፣ አሁን በመቀናጆው ሪሞት ነበር የሚነዳው። ያን አሸነፈ፣ ቀጥሎ የመጣውንም አሸነፈ። ያን ሰው እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሰፈር ሙሉ ገራገር የሚለው ሰው የተጋጣሚው ጎማ የላላበትን ቦታ በዓይኑ ይፈልግና እዚያው ላይ ይመላለሳል። ምህረት የሚባል ነገር አልነበረውም። በአራተኛው ውጊያ ባትሪው አለቀበትና ተሸነፈ፤ ከአሸናፊው ጋር ተቃቅፎ ወጣ።

ወደ ሐይቅ ለመመለስ ተነሳን። ደሴ ላይ ሚኒባስ ቀይረን ሁለታችንም የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ሮቦቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት እግራችን ሥር ናቸው። እሱ አንድም ጊዜ አብሽሪ አላለኝም። ይህም አናደደኝ።

«ሁልጊዜ ትችል ነበር?» አልኩት በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እኔን ማሸነፍ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ተይው አቦ።»

«መልስልኝ!»

ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩን። እሱም ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፣ ንዴትም የለም፤ ብዙ ቀን ሸክም የቆየበት ሰው ይመስላል።

«አፉ በይኝ እታለም» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንቺን ማሸነፍ ወላሂ አንድም ቀን ቸግሮኝ አያውቅም። የሚቸግረኝ ካሸነፍኩሽ ወዲያ ካንቺ ጋር መኖሩ ነው።»